የልደታው ሜዳ ውል፤ ደካማ አገር ከብርቱ ጋር ሲዋዋል



በአዲስ አበባ፣ በልደታ አካባቢ፣ «ኦልድ ኤርፖርት» እየተባለ የሚጠራ ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የአገሪቱ ዋና የአየር በር ከነበረው ከልደታ የአይሮፕላን ጣቢያ ነው። ስለ ዓለም አቀፍ ንግድና ስለ መንግሥታት ግንኙነት በተነገረ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣል። ይኸውም ደካማ አገር ከብርቱ ጋር በምን ዓይነት ውል ቢተሳሰር ይጠቀማል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ምሳሌ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም፤ ከልደታ ሜዳ የተጀመረው ሥራ በቂ ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢትዮጵያ በ1941 ከፋሽስት ወረራ ነጻ ስትወጣ ነጻነቷ ገና የተሟላ አልነበረም። በጥር 1942 ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ስምምነት ለእንግሊዞች በገንዘብ፣ በመገናኛና በአየር በረራ ጉዳይ ሳይቀር ከፍ ያለ ሥልጣን ሰጥቷቸው ነበር። ይህ እስራት ላላ ያለው በታኅሣሥ 1944 በተፈረመው አዲስ ስምምነት ነው። በዚያው ወር የተፈረመው የቺካጎ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ደግሞ እያንዳንዱ መንግሥት ከግዛቱ በላይ ባለው አየር ላይ ሙሉ ሉዓላዊነት እንዳለው አረጋገጠ። ኢትዮጵያም በጉባኤው ላይ መልእክተኞቿን ልካ ነበር። ይሁን እንጂ ሉዓላዊነት በወረቀት መታወቁ ብቻውን ቡናና ቆዳ ተሸክሞ ገበያ አያደርስም። አይሮፕላንና አብራሪ፣ መካኒክና ሒሳብ ዐዋቂ ያስፈልጋል። ከእነዚህ መካከል በአገሩ ውስጥ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነበር።

ስለዚህ መንግሥት ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በመስከረም 1945 ተዋዋለ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሚያዝያ 8 ቀን 1946) የመጀመሪያው በረራ በአሥመራ በኩል አድርጎ ካይሮ ደረሰ። ሥራው የተጀመረው ከጦርነቱ በተረፉ አምስት ሲ 47 አይሮፕላኖች ነበር። መንገደኛው ግራና ቀኝ በግድግዳው ጥግ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ጭነቱም በመካከል ይደረደር ነበር። ሰውና ሸቀጥ ፊት ለፊት እየተያዩ ይጓዙ ነበር ማለት ነው።

የዚህ ውል ፍሬ ነገር ሁለት ወገን አለው። ባለንብረቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ሲሆን አስተዳዳሪው የውጭው ኩባንያ ነበር። ዋናው ሥራ አስኪያጅ፣ አብራሪዎቹና ከፍተኛ ባለሙያዎቹ ባዕዳን ነበሩ። ነገሩን በዚህ በኩል ብቻ የተመለከተ ሰው አገሪቱ ሰማይዋን በኪራይ ሰጠች ሊል ይችል ነበር። ነገር ግን ንብረቱ በእጅ እስካለ ድረስ ዕውቀቱን ቀስ በቀስ ማስገባት ይቻላል፤ ንብረቱ ከእጅ ከወጣ ግን ዕውቀት ያለው ሰው እንኳ ተቀጣሪ ከመሆን አያልፍም።

ዕውቀቱም ቢሆን በራሱ ጊዜ አልመጣም። በ1953 ውሉ ሲታደስ አየር መንገዱ በመጨረሻው በኢትዮጵያውያን እጅ እንዲመራ የሚለው ዓላማ ገባበት። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። በ1966 በተደረገው ስምምነት የምክትል ዋና ሥራ አስኪያጅነቱ ቦታ ለኢትዮጵያዊ እንዲሰጥ ተወሰነ። በ1970 የቲ.ደብልዩ.ኤ. ድርሻ ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ዝቅ አለ። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኀኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። እንግዲህ ከመጀመሪያው በረራ እስከ መጀመሪያው ካፒቴን 11 ዓመት፣ እስከ መጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ 25 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው። ጊዜው ረዥም ነው። ሆኖም ውሉ ተፈርሞ በሣጥን የተቆለፈበት ሰነድ አልነበረም፤ በየጊዜው እየወጣ የሚመረመርና የሚሻሻል ነበር። እያንዳንዱ እድሳት ከፊተኛው የተሻለ ነገር አስገኝቷል።

የልደታ ሜዳም ዘመኑን ፈጽሞ ለሌላ ቦታ ለቀቀ። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው፣ አየሩ በሳሳበት ስፍራ፣ ጄት አይሮፕላን ለመነሣት ረዥም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ የልደታው ግን ለዚህ አልበቃም። ስለዚህ ቦሌ ተሠራ፤ በጥር 1963 የቦይንግ 720 የጄት አገልግሎት ተጀመረ። ከዚያ አስቀድሞ በ1960 ምሥራቅ አፍሪካን ከምዕራቡ ጋር የሚያገናኝ መስመር ተከፍቶ ነበር። በግንቦት 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት የአህጉሩ መሪዎች የመጡባት ከተማ የአየር በሯን አስቀድማ አሰናድታ ቆይታለች። የመንግሥታት ወዳጅነት በንግግር ቢጀመርም የሚጸናው በመንገድ ነው።

አስተማሪው ቲ.ደብልዩ.ኤ. በ2001 ሕልውናው አክትሞ በሌላ የአሜሪካ አየር መንገድ ሲጠቀለል፣ ተማሪው ግን ሥራውን አስፋፍቶ ቀጥሏል። ከዚህም የተነሣ ነገሩ ተገልብጧል። በ2010 ሎሜ ላይ ሥራ የጀመረው አስካይ የኢትዮጵያን አየር መንገድ አጋር አድርጎ ተነሣ። በ2013 በማላዊ አየር መንገድ 49 በመቶ፣ በ2021 ዳግም ሥራ በጀመረው በዛምቢያ አየር መንገድ 45 በመቶ፣ በ2024 በተመሠረተው በኤር ኮንጎ 49 በመቶ ድርሻ ይዟል። ትናንት ደካማው ተዋዋይ የነበረ ዛሬ ከጠረጴዛው ማዶ በብርቱው ወንበር ተቀምጧል። በሦስቱም ውሎች አብላጫው ድርሻ ለባለ አገሩ መተዉ መልካም ጅምር ነው። ሆኖም የሊሎንግዌና የሉሳካ ወጣት ሥራ አስኪያጅ ለመሆን 25 ዓመት መጠበቅ ይኖርበታልን? «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» እንደሚባለው፣ ኢትዮጵያ ለጎረቤቶቿ የምትሰጠው ውል ነገ ከሌሎች ለምትጠይቀው ውል መለኪያ ይሆንባታል።

ጉዳዩ የአየር መንገድ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2018 በኪጋሊ የተፈረመው የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነት፣ በዚያው ዓመት ጥር የተጀመረው የአፍሪካ ነጠላ የአየር ትራንስፖርት ገበያ፣ እንዲሁም በየጊዜው ከባዕዳን ባለሀብቶች ጋር የሚፈረሙት የፋብሪካ፣ የማዕድንና የመንገድ ውሎች በዚሁ ሚዛን ሊመዘኑ ይገባል። ከ1993 ወዲህ የባሕር በር ለሌላት አገር ደግሞ ሚዛኑ ይበልጥ አስፈላጊ ነው፤ ውሏ ሲበላሽ ማለፊያ መንገዷ ይጠባልና።

እንግዲህ ውል የሚያረቅቅ፣ የሚመረምር ወይም የሚያማክር ባለሙያ ከመፈረሙ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ግልጽ ነው። ንብረቱ የማን ሆኖ ይቀራል? ዕውቀቱ በስንት ዓመት፣ በማን ወጪ፣ ለማን ይተላለፋል? ውሉ እንደገና የሚታይበት ቀን በውሉ ውስጥ ተጽፏልን? ለእነዚህ መልስ የሌለው ውል ዋጋው ርካሽ ቢመስልም በኋላ ውድ ይሆናል። ከልደታ ሜዳ የተነሡት አምስት አሮጌ አይሮፕላኖች ዛሬ የሉም፤ የቀረው በእነርሱ ላይ ሥራ የተማረው ሰውና ያ ሰው እንዲማር ያስገደደው ውል ያስገኘው ፍሬ ነው።