ከሞያሌ ማዶ ያየነው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የተሰጠ ንግግር)



ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከመምህራችን ጋራ በአውቶቡስ ወደ ኬንያ ተጕዘን ነበር። ወሰኑን እንደ ተሻገርን በመጀመሪያ ያየነውን እንድንነግራችሁ ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ታላቅ ነው።

ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናቸው፤ አንዱ በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛው በኬንያ ይገኛል። የወሰኑ መሠረት የተጣለው በ1900 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ መንግሥትና የእንግሊዝ መንግሥት ባደረጉት ውል ነው። እኛም ከወሰኑ ማዶ ያለው ነገር ሁሉ ባዕድ ይሆንብናል ብለን አስበን ነበር።

በኬላው ብዙ አልቈየንም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የሁለቱ አገሮች ሹማምንት በአንድ ሕንጻ ውስጥ ተቀምጠው ፓስፖርት ይመረምራሉ። ከዚያ እንደ ወጣን ግን መንገዱ አስደነገጠን። በኬንያ መኪና የሚሄደው በግራ በኩል ነው። ከመካከላችን አንዱ እንደ ለመደው ወደ ግራ ብቻ ተመልክቶ ሊሻገር ሲል፣ በስተቀኙ የመጣ የጭነት መኪና ሊደርስበት ጥቂት ቀረው። ከቦረና የመጣው ጓደኛችን ክንዱን ይዞ ወደ ኋላ ሳበው። መምህራችን እንዳስረዱን፣ በአገራችንም እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ መኪና የሚነዳው በግራ ነበር። ባዕድ ያልነው ነገር የአያቶቻችን ልማድ ሆኖ ተገኘ።

ሻይ ቤት ገብተን አሳላፊውን ሰዓት ብንጠይቀው፣ በስዋሂሊ «ሳኣ ታቱ» አለን፤ ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው። የእኛም ሰዓት ከጧቱ ሦስት ይል ነበር። ለካ በስዋሂሊም ሰዓት የሚቈጠረው እንደ እኛ ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ኖሯል!

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ሻዩን በወተት የሚያፈሉት እናት በቦረና ኦሮምኛ ሲናገሩ፣ ከጓደኛችን በቀር መልስ የሚሰጥ ከመካከላችን ጠፋ። እርሳቸውም ከሰቦ ወይስ ከጎና ወገን እንደ ሆነ፣ ጐሣውም ማን እንደ ሆነ ጠየቁት። በነገራቸው ጊዜ እጁን ይዘው «ልጄ» አሉት፤ የሻዩንም ዋጋ አንቀበልም አሉ።

ክቡራን ሆይ! ያን ጊዜ አፈርን። በክፍል ውስጥ አማርኛ ሲሳሳት የምንስቀው በዚሁ ልጅ ላይ ነበር። በዚያች ከተማ ደግሞ እርሱ አስተርጓሚያችን ሲሆን እኛ ዲዳ ሆንን። ከወሰኑ ማዶ ቤተ ዘመድ ያገኘው እርሱ ነው፤ እኛ ግን በአንድ ወንበር ተቀምጠን ሳለ እንደ ባዕድ ስናየው ኖረናል።

በመልስ ጕዟችን ይቅርታ ብንጠይቀው፣ «እናንተ አማርኛዬን አርሙልኝ፤ እኔም ኦሮምኛ አስተምራችኋለሁ» አለን። ትምህርቱንም በአውቶቡሱ ውስጥ ከሰላምታ ጀመርን፤ አሁን እስከ መቶ መቍጠር ደርሰናል። ስንሳሳት እርሱም በተራው ይስቅብናል፤ ይገባናልም።

እርሱ ዛሬ በመካከላችሁ ተቀምጧል። ስለዚህ በዚህ የበዓል ቀን፣ ከሩቅ አገር መጥቶ በአጠገባችሁ የተቀመጠ ተማሪ ቢኖር፣ ቋንቋውን እንድትጠይቁት አደራ እንላለን።