የመጋዘን ጥበቃውና የሠራተኛ ሕጉ
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር




በሮቤ፣ በጎባና በሲናና ስለ ዩኒየን ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ስንዴ፣ ማዳበሪያና ኮምባይነር ነው። አባሉ የማኅበሩ ባለቤት መሆኑን ጠንቅቆ ያውቃል፤ በማኅበሩ በኩል አሠሪ መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። ይህን ግንኙነት የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲሆን፣ የ1996ቱን አዋጅ ቁጥር 377 ተክቷል።

ብዙ ክርክር የሚያስነሳው የውሉ ዘመን ነው። በበልግና በመኸር እህል ሲገባ ጫኝና አውራጅን ለወቅቱ ብቻ ማዋዋል ሕጉ ይፈቅዳል። ጥበቃ ግን ወቅት የለውም፤ መጋዘኑ ሞላም ጎደለ በሩ ይጠበቃል። የአንድ ዓመት ውል በየዓመቱ እያደሱ ማስፈረም ሥራውን ጊዜያዊ አያደርገውም። በመርህ ደረጃ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ልዩ ሁኔታዎቹ በአዋጁ ተዘርዝረዋል፤ ወጪ መቆጠብ የሚል ምክንያት ከዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም።

«የተቀጠረው በቃል ነው» የሚለው መልስም አያዋጣም። የቃል ውል ይጸናል። አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም።

የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ብቻውን የሚያድር ጥበቃ በየሌሊቱ 4 ትርፍ ሰዓት ይሠራል። ትርፍ ሰዓት ደግሞ በሳምንት ከ12 ማለፍ የለበትም፤ ያውም ለአስቸኳይ ጉዳይ እንጂ ለዘወትር አይደለም። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 የሚሠራ ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው በመደበኛው 1.75 እጥፍ ነው። ስለዚህ ለአንድ በር ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ወጪውም ለጠቅላላ ጉባኤው በሚቀርበው በጀት ውስጥ ይግባ።

የሙከራ ጊዜ ከ45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን መራዘሙ አሠሪውን ይጠቅማል። ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ ከ60 ወደ 90 ቀን አድጓል፤ አባትም ደመወዙ ሳይቀነስ 3 ተከታታይ ቀን ያገኛል።

በምርት ወቅት በጣም ሊታሰብበት የሚገባው የልጆች ጉዳይ ነው። ለመቀጠር ዝቅተኛው ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ ብሏል። ዕድሜያቸው 18 ያልሞላ ወጣቶች እንዳይሰማሩባቸው አዋጁ ከጠቀሳቸው ሥራዎች መካከል በመጋዘን ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ መጎተትና መግፋት ይገኛሉ። ኩንታል የሚሸከመው የአባል ልጅ ቢሆንም፣ አባትየው ቢፈቅድም፣ ማኅበሩ ከቀጠረው ተጠያቂው ማኅበሩ ነው።

የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል። ቅሬታ ያለው ሠራተኛ የሚቀጥለውን ጉባኤ ባይጠብቅ ይሻለዋል።