የመንገድ ዳር ምግብ ሻጭ ጠረጴዛና በርጩማ፤ ከታይላንድ የምንማረው
(ለእንጨትና ለብረታ ብረት ሥራ ሠልጣኞች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ጠረጴዛና ስለ በርጩማ ነው። ርዕሱ ትንሽ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በመንገድ ዳር ምግብ ሸጦ ለሚያድር ሰው ጠረጴዛው ሱቁ ነው፤ ጋሪው ወጥ ቤቱም መጋዘኑም ነው። ለምሳሌነት ታይላንድን የመረጥኩት በዋና ከተማዋ በባንኮክ ሠራተኛውም ተማሪውም መንገድ ዳር መመገብን የዕለት ኑሮው ስላደረገው ነው።

የባንኮክ ሻጭ ዕቃ በአብዛኛው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የሚገፋ ጋሪ ነው፤ ምግቡ የሚታይበት የመስታወት ሳጥን፣ ምድጃና የጋዝ ሲሊንደር ይይዛል። ሁለተኛው እግሩ የሚታጠፍ ጠረጴዛ ነው። ሦስተኛው የፕላስቲክ በርጩማ ነው።

እስቲ በርጩማውን እንመልከት። እግሮቹ ወደ ውጭ ዘርዘር ያሉ ስለሆኑ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል። መቀመጫው መካከል ያለው ቀዳዳ ለጌጥ የተበጀ አይደለም። በጣት ለማንሳት ይረዳል፤ በርጩማዎቹ ሲደራረቡም አየር ስለሚያሳልፍ ተጣብቀው አይቀሩም። ከግንቦት እስከ ጥቅምት በሚዘልቀው የዝናብ ወራት አይበሰብስም፤ በውሃም ይታጠባል። እንግዲህ ይህን ዕቃ አሻሽላለሁ የሚል ባለሙያ አስቀድሞ ዕቃው ምን ችግር እንደፈታ ማወቅ ይኖርበታል። መልኩን አሳምሮ መደራረቡን ቢያስቀር ሻጩን ጎዳው እንጂ አልጠቀመውም።

ይህ ጉዳይ የእንጀራ ጉዳይም ነው። የባንኮክ ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የእግረኛ መንገድ ይከፈት በማለት ሻጮችን ከብዙ ጎዳናዎች አስነሥቷል። በ2017 ዓ.ም. ሻጮችን ከመንገድ ዳር የማንሣቱን ዕቅድ ይፋ ሲያደርግ ብዙ ክርክር ተነሣ፤ ያዋራትና ካኦ ሳን የተባሉት ጎብኚ የሚበዛባቸው ሰፈሮች ግን ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ተደረገ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የታወቀው የሚሼሊን የምግብ ቤቶች መምሪያ ለባንኮክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ በመንገድ ዳር ምግብ ለታወቀችው ለጄ ፋይ ኮከብ ሰጠ። አንድ ዓይነት ሙያ በአንድ ዓመት ውስጥ ተሸለመም፣ ተባረረም ማለት ነው።

ታዲያ ዕቃውን እንደገና የሚሠራ ሰው ምን ይጠይቅ? በእኔ አስተያየት ሦስት ጥያቄዎች ይበቁታል።

አንደኛ፣ ምን ያህል ቦታ ይይዛል? በምን ያህል ፍጥነትስ ይነሣል? ከባንኮክ ደቡብ ምዕራብ በሳሙት ሶንግክራም ክፍለ ሀገር የሚገኘው የሜክሎንግ ገበያ ለዚህ ትምህርት ቤት ነው። ገበያው የቆመው በባቡር ሐዲድ ላይ ነው። ባቡሩ ሲመጣ ሻጮቹ የሸራ ጥላቸውን ወደ ኋላ ያጥፋሉ፤ ባለ ጎማውን መደብ ይስባሉ፤ ዝቅ ብሎ የተዘረጋውን አትክልት ግን ባቡሩ በላዩ እንዲያልፍ ይተዉታል። ካለፈ በኋላ ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን ያደረገላቸው ማጠፊያና ጎማ እንጂ ውድ ማሽን አይደለም።

ሁለተኛ፣ ለማን ቁመት ተሠራ? ቆሞ ለሚሠራ ሰው ለቀላል ሥራ የሚስማማው ገበታ ከክርኑ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለው ነው። ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ደግሞ ከዚህም ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ሶም ታም የሚባለውን የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ የምታዘጋጅ ሴት በሙቀጫና በዘነዘና ትወቅጣለች፤ ስለዚህ ሙቀጫዋ የሚያርፍበት ቦታ ዝቅ ያለና የማይነቃነቅ መሆን አለበት። ኑድል የሚቀቅለው ጎረቤቷ የሚፈልገው ሌላ ነው። ለሁለቱም አንድ ልክ መቁረጥ የአንዳቸውን ወገብ መስበር ነው።

ሦስተኛ፣ እንዴት ይጸዳል? የምግብ ገበታ ስንጥቅና የተደበቀ ጥግ ካለው ቆሻሻ ይይዛል። የታይላንድ ጠረጴዛዎች ብዙዎቹ ዝገት በማይዘው ብረት ወይም በሌላ ለስላሳ ነገር የሚለበጡት ቶሎ እንዲወለወሉ ነው። በዚህ ላይ እኔ የምጨምረው ሐሳብ አለኝ። የዓሣ መረቁ፣ ስኳሩ፣ ኮምጣጤውና በርበሬው የሚቀመጥበት መያዣ ከገበታው ጠርዝ ጋር ቢያያዝ ገበታው ይሰፋል። ከገበታው ሥር አንድ መንጠቆ ቢኖር ደግሞ ተመጋቢው ቦርሳውን መሬት ላይ አያስቀምጥም።

ይህን ስል ግን ጥሩ ጠረጴዛ የመሥሪያ ቦታ ፈቃድን ይተካል ማለቴ አይደለም። ሻጭ ከቦታው ከተነሣ የሚታጠፍ ጠረጴዛም አያድነውም። ሆኖም መንገድ የማይዘጋ፣ ማታ ምንም ሳይቀር የሚነሣ ዕቃ ያለው ሻጭ «መንገዱን ዘጋህ» ለሚለው ክስ የሚሰጠው መልስ አለው።

ስለዚህ ውድ ሠልጣኞች፣ መጋዝ ከማንሣታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ወደ ሻጯ ሂዱ። ጠዋት ዕቃዋን ስትዘረጋ፣ ማታ ስትሰበስብ ተመልከቱ። ማን ይሸከመዋል? የት ያድራል? ብላችሁ ጠይቋት። ከዚያም አንድ ብቻ ሠርታችሁ ለአንድ ሳምንት ትሞክረው፤ ጉድለቱን ከእርሷ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም። ሁለተኛውን የምትሠሩት ያን ሰምታችሁ ነው።