የምጣዱ ቦታ

በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



ከሒሳብ ክፍል ሰው ሲነሣ ገቢና ወጪ ሊነበብ ነው ብላችሁ ወንበራችሁን እንደምታመቻቹ እናውቃለን። የዓመቱ ሒሳብ ከምሳ በኋላ ይነበባል። አሁን የተነሣነው ከኋላችሁ ግድግዳው ላይ ስለተሰቀሉት ሥዕሎች ልንነግራችሁ ነው። ሻይ ስትጠጡ ብዙዎቻችሁ ስታዩአቸው ነበር፤ «ይህ የየትኛዋ ሀብታም ቤት ነው?» ያላችሁም አላችሁ። የእኛው አባላት ቤቶች ናቸው። የሣሏቸውም የውስጥ ዲዛይን ተማሪዎች ናቸው።

እነዚህ ተማሪዎች በመንፈቁ መጨረሻ የመኖሪያ ቤትና የንግድ ቤት ዲዛይን ሠርተው ለመምህራኖቻቸው ያቀርባሉ። አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ባለቤት በሐሳብ የተፈጠረ ሰው ነው፤ ገንዘብ የማይቸግረው፣ ልጅ የማያስቸግረው፣ ልብሱን የት እንደሚያሰጣ የማይታወቅ ሰው። ቪላ ይሥላሉ፣ ካፌ ይሥላሉ፣ የሆቴል እንግዳ መቀበያ ይሥላሉ። አንድ መምህራቸው ግን «ሰው የሚኖርበት ቤት ስጡን» ብለው ወደ ማኅበራችን መጡ። ሁለት ቤትና አንድ ሱቅ ሰጠናቸው። እውነቱን ለመናገር እሺ ያልነው ክፍያ ስለሌለው ነው። ብዙም አልጠበቅንም።

ረዘም አድርገን የምንነግራችሁ ስለ መጀመሪያው ቤት ነው፤ የእኛም ጥፋት አለበትና።

ቤቱ እንጀራ ጋግራ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ እህታችን ቤት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። እነዚህ ቤቶች በ1990ዎቹ መጨረሻ በከተማችን በብዛት መሠራት ሲጀምሩ ስቱዲዮው እስከ 20 ካሬ ሜትር፣ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለት መኝታው ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር እንዲሆን ታስቦ ነበር። እንጀራ መጋገሪያውና ማረጃው ደግሞ ከፎቁ ውጭ፣ ግቢው ውስጥ ባለ የጋራ ቤት እንዲሆን ተደረገ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሊጥ ተሸክሞ መውረድ አለ፣ ወረፋ መጠበቅ አለ፣ የተጋገረውን ይዞ ደረጃ መውጣት አለ። በአንዳንድ ግቢም የጋራ ቤቱ ለኪራይ ውሏል። ስለዚህ ብዙ ሰው ምጣዱን ወደ ቤቱ አስገባ፤ እህታችንም እንዲሁ አደረገች።

አምና ለቤት ማስተካከያ ብድር ጠይቃ ነበር። ማመልከቻዋ መጀመሪያ የመጣው ወደ እኛ ነው። ደንባችን ተዘዋዋሪው ብድር ገቢ ለሚያስገኝ ሥራ ብቻ እንዲሰጥ ስለሚል፣ ከማመልከቻው ግርጌ «ቤት ማሳመር ገቢ አያስገኝም» ብለን ጽፈን ለብድር ኮሚቴው አስተላለፍን። ኮሚቴውም በዚያው ወሰነ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ዛሬም ፋይሉ ውስጥ አለች፤ የእጅ ጽሑፉም የእኛው ነው።

ወደ ሥዕሉ እንመለስ። በስተግራ በኩል ያለው ተማሪዋ መጀመሪያ ያቀረበችው ነው። በእውነት ያምራል። ጂፕሰም ኮርኒስ አለው፣ ከኮርኒሱ ውስጥ የተደበቀ መብራት አለው፣ የቴሌቪዥን ግድግዳ አለው። ወጥ ቤቱንና ሳሎኑን የሚለየው ግድግዳ ፈርሶ በምትኩ ረጃጅም ወንበሮች የተደረደሩበት ባንኮኒ ገብቷል። (ግድግዳ ማፍረስ የባለቤቷ የብቻ ጉዳይ እንዳልሆነ በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ታውቃላችሁ። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግሉንና የጋራውን ለይቶታል፤ ምሰሶ የነካ ሰው የጎረቤቱን ቤት ነካ ማለት ነው።) ሁላችንም ስናደንቅ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናታችን «የኔ ልጅ፣ ምጣዱስ የት ነው?» አሉ።

ተማሪዋ ሥዕሏን አየች፤ ምድጃውን አሳየቻቸው። «እሱማ የወጥ ነው፤ ምጣዱን ነው ያልኩሽ» አሏት። ምጣድ አልነበረም።

ጥፋቱ የተማሪዋ ብቻ አልነበረም። ተማሪዎቹ ሊለኩ የመጡ ዕለት እህታችን እንግዳ ሊመጣ ነው ብላ ቤቷን አሰናድታ ነበር። ምጣዱን ጎረቤት አስቀምጣለች፣ ቡሃቃውን ከመጋረጃ ጀርባ ደብቃለች፣ ሶፋውን ዳንቴል አልብሳለች፣ ቡና አፍልታለች። ተማሪዋ የለካችው የእንግዳ ቀን ቤት ነው፤ የሣለችውም እሱኑ ነው። ማናችንም ብንሆን እንዲሁ እናደርግ ነበር። ገበናችን ላይ ሜትር ሲዘረጋ ደስ የሚለው ማን ነው?

መምህሩ ሥዕሉን መልሰው «ሄደሽ እደሪ» አሏት። ልጅቱ አንድ ሌሊት እዚያው አደረች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ምጣዱ ሲጣድ ጀምራ ያየችውን ሁሉ ጻፈች። ማስታወሻዋን አንብበነዋል፤ ከብዙ የጥናት ሪፖርት ይበልጥብናል። ምጣዱ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ የተቀመጠው ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ስለሆነ እህታችን ሊጥ ባፈሰሰች ቁጥር ትጎነበሳለች፣ አክንባሎ ለመክደን ትጎነበሳለች፣ ለማውጣት ትጎነበሳለች። ለአንድ እንጀራ ሦስት ጊዜ ማለት ነው። እንፋሎቱ መውጫ ስለሌለው ግድግዳው ሻግቷል። የወጣው እንጀራ የሚበርደው የልጆቹ አልጋ ላይ፣ ነጠላ ተዘርግቶ ነው። ልጆቹ ከመንጋቱ በፊት ተቀስቅሰው ወደ ሶፋ ይዛወራሉ። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ተጽፎ ስናየው ግን አንገታችንን ደፋን።

ከሁሉ የከፋው ሽቦው ነው። ምጣዱ የሚሠራው በማራዘሚያ ነበር፤ የማራዘሚያው ጫፍ በሙቀት ጠቁሯል። እዚህ ላይ ሒሳብ ክፍልም ትንሽ ሥራ አገኘ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። ያንን ለ220 ቮልት ስታካፍሉት ከ16 እስከ 18 አምፔር ይመጣል። ከሱቅ የምንገዛው ተራ ማራዘሚያ ብዙውን ጊዜ ለ10 ወይም ለ13 አምፔር የተሠራ ነው። ማባዛትና ማካፈል የምታውቅ ሴት ሁሉ ይህን እቤቷ ማስላት ትችላለች፤ ከሽቦው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ብቻ ነው። እኛ ግን ብድሩን የከለከልነው ሽቦውን ሳናይ ነው። በዚያ ቤት ሁለት ልጆች ይተኛሉ።

አሁን በስተቀኝ ያለውን ተመልከቱ። ኮርኒሱ እንዳለ ቀርቷል፤ ነጭ ቀለም ብቻ ተቀብቷል። ግድግዳም አልፈረሰም። ምጣዱ ከመስኮቱ ሥር መጥቶ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ተሰጥቶታል። የምጣዱ ጠረጴዛ ከእህታችን ክርን ትንሽ ዝቅ እንዲል ተደርጎ በእሷ ቁመት ተለክቷል፤ ቆማ ነው የምትጋግረው። ከጎኑ ሰፌድ እንደ መሳቢያ የሚገባበት መደርደሪያ አለ፤ እንጀራው እዚያ ይበርዳል። ከመደርደሪያው ሥር ደግሞ ቡሃቃው ይቀመጣል። የልጆቹ አልጋ ወደ ማዶ ተሻግሮ ከፍ ብሏል፤ ከሥሩ ልብስና ጤፍ ይገባል። የተደበቀ መብራት የለም። ሥዕሉን ከሩቅ ስታዩት ያን ያህል አያስደንቅም፤ ለዚህ ነው ሻይ ስትጠጡ ሁላችሁም በግራው ዘንድ የቆማችሁት።

ለሁለቱም ሥዕሎች ሦስት ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰብን። የመጀመሪያው ከሁለተኛው አራት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ሁለተኛው ከብድር ጣሪያችን በታች ሆነ፤ ከወጪውም ትልቁ ሽቦው ነው፣ ቀጥሎ አናጢው።

ከዚያ በኋላ ፋይሉን ይዘን ወደ ኮሚቴው ተመለስን። እህታችን ውጭ አንዲት ክፍል ተከራይታ ምጣዷን እዚያ ብታደርግ ኖሮ፣ ብድሩን ለኪራዩም ለዕቃውም እንፈቅድላት ነበር። ያው ምጣድ፣ ያው ሊጥ፣ ያቺው ሴት። ቤቷ ውስጥ ስለሆነ ብቻ «ማሳመር» አልነው። ዲፕሎማችንን ስንማር የድርጅት ሀብትና የግል ሀብት ለየብቻ ይመዘገባል ተብለን ነው የተማርነው፤ ደንቡ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ሥራዋና መኝታዋ አንድ ክፍል ለሆነች ሴት ያን መስመር የት ላይ እንደምናሰምር አስበንበት አናውቅም ነበር። የተማሪዋ ሥዕል ላይ የትኛው ካሬ ለሥራ፣ የትኛው ለመኖሪያ እንደሆነ በቀለም ተለይቶ ስለነበር ኮሚቴው በአንድ ስብሰባ ወሰነ። እህታችን እየከፈለች ነው። አንድ ልጇ ታሞ ሁለት ወር አዘግይታለች፤ ይህም ከሰዓት በኋላ በሚነበበው ውስጥ አለ።

ሱቁን በአጭሩ። የማኅበራችን የባልትና ሱቅ ነው። የመጀመሪያው ሥዕል በርበሬያችንን በመስታወት ማሰሮ ከመስኮቱ ፊት ደርድሮት ነበር። ፀሐይ በርበሬን እንደምታገረጣ ለተማሪው የነገሩት ፈጪዎቻችን ናቸው። ሚዛኑም ከባንኮኒው ጀርባ ነበር፤ ገዢ ሚዛኑን ካላየ አያምንም። በሁለተኛው ሥዕል ሚዛኑ ፊት ለፊት ወጣ፣ በርበሬው ወደ ጥላው ገባ፣ ጆንያዎቹ እርጥበት እንዳይነካቸው ከወለሉ ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ሆኑ። እኛ ግን ሁለተኛውን ሥዕል አልጠበቅንም። ረዳቶቻችን ሊጎበኙን ነው ተብሎ የመስታወቱን መደርደሪያ አስቀድመን አሠርተን ነበር። እነሆ ዛሬ እዚህ ተቀምጣችሁ ስለምትሰሙን በፊታችሁ እንናገረዋለን፤ ያ መደርደሪያ አሁን በጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል፣ በየዓመቱም የእርጅና ቅናሹን እየመዘገብንለት ነው። ለጉብኝት ተብሎ የተሠራ ዕቃ ነው። ወደፊት ስትመጡ ሱቁን እንዳለ ብታዩት ይሻለናል።

ሁለተኛው ቤት የኪራይ ነው። እህታችን በልብስ ስፌት የምትተዳደር ስትሆን፣ አንዲቱን ክፍል መደርደሪያና መጋረጃ ለሁለት እንዲከፍላት ተደርጎ ተሣለ። ስፌቱ በመስኮቱ በኩል፣ መኝታው በውስጥ በኩል። ከጨርቅ ቤት ቁራጭና ከቀርከሃ የተሠራው መጋረጃ ከሁሉም ሥራዎች ለእኛ ይበልጥብናል። ግድግዳው ተለስኖ ተቀባ፤ ቤቱም ሌላ ቤት መሰለ። አከራይዋ አይተው በሦስተኛው ወር ኪራይ ጨመሩ። እህታችን አልቻለችም፤ ወጣች።

ይህን ስንሰማ ያዘንነውን ያህል አናውቅም። ገንዘቡ የማኅበሩ ነው፣ ልስኑ የአከራይዋ ሆኖ ቀረ። ነገር ግን መምህሩ ተማሪዎቹን ለኪራይ ቤት ምንም ነገር በሚስማር እንዳይመቱ፣ ሁሉም በብሎን እንዲፈታ አዝዘዋቸው ነበር። መደርደሪያው፣ መቁረጫ ጠረጴዛው፣ መጋረጃው፣ የመብራቱ ክንድ በአንድ ጋሪ ተጭኖ ሄደ። በአዲሱ ቤት መደርደሪያው ለኮርኒሱ ረዝሞ ትንሽ ተቆርጧል እንጂ ሥራዋ በሳምንቱ ተጀምሯል። ስለዚህ ለብድር ኮሚቴው ያቀረብነው ሐሳብ እንዲህ የሚል ነው፦ ለኪራይ ቤት የምናበድረው ጋሪ ላይ ለሚጫን ነገር ይሁን፤ ልስንና ቀለም አባሏ ከፈለገች በራሷ። አንዳንዶቻችሁ ይህ ለተከራይ አባላት አድልዎ ነው ብላችሁናል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ይሰጥበታል።

ተማሪዎቹ በሚቀጥለው መንፈቅ ሦስት ቤት ይፈልጋሉ። ረዳቶቻችንን የምንጠይቀው የኅትመትና የመጓጓዣ ወጪያቸውን ብቻ ነው፤ የዘንድሮውን ከኪሳቸው ነው የሸፈኑት፣ ይህ ደግሞ አይገባም። እናንተ እህቶች ቤታችሁን ለመስጠት የምትፈልጉ ሒሳብ ክፍል ተመዝገቡ። አንድ ነገር ግን እንለምናችኋለን፤ ሊለኩ ሲመጡ ምጣዱን አታንሡ፣ ሊጡን አትደብቁ፣ ልጆቹ የሚተኙበትን እንዳለ አሳዩአቸው። ቡናው ይቅርባችሁ አንልም።

ባለ አምስት ሜትር ሜትራችንም መሳቢያችን ውስጥ አለ። ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት ፈርማችሁ ውሰዱት፤ ባለፈው የወሰደችው እህት ብትመልስልን ደግሞ ሁለት ይሆናሉ።