ልጃችን የተሸነፈች ዕለት
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ከተማሪ ወላጆች አንዱ ያደረጉት ንግግር)



ልጃችን ለባህል ውዝዋዜ ውድድር በተመረጠች ጊዜ እኛ ወላጆቿ ነገሩን እንደ ቀላል ጨዋታ ቆጥረነው ነበር። ነገር ግን እስክስታው ትከሻን፣ የጉራጌው እግርን፣ የወላይታው ወገብን የሚፈትን ስለሆነ፣ ሦስቱን አከታትሎ መጫወት ትንፋሽ የሚጨርስ ሥራ መሆኑን ማታ ማታ በሳሎናችን ስትለማመድ ተረዳነው። ከበሮ ስላልነበረን ጄሪካን እንመታላት ነበር፤ ጎረቤቶቻችንም፣ ምስጋና ይግባቸውና፣ ታገሡን።

በውድድሩ ቀን ቡድኗ ሳያሸንፍ ቀረ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ዳኞቹን ስንወቅስ ሄድን። ልጅቱ ግን ደጃፍ ስንደርስ፣ «አባባ፣ ዳኞቹ አልተሳሳቱም፤ ወደ ጉራጌው ስንሻገር ምቱን የሳትኩት እኔ ነኝ» ብላ አለቀሰች። ለካስ እኛ ስንቆጣ እርሷ እውነቱን የምትናገርበት ጊዜ አጥታ ኖሯል! እኛም አፍረን ዝም አልን፤ እስክትጨርስም ሰማናት።

እናቷ የተተረተረውን የቀሚሷን ጠርዝ ሰፍታ ሰቀለችው። ሦስት ቀን ሙሉ በቤታችን ስለ ውዝዋዜ አልተነሣም። በአራተኛው ማታ ራሷ ጄሪካኑን ከጓዳ አምጥታ ከፊታችን አኖረችው። እኛም ከሳተችው ምት ጀመርንላት።