አልፎ አልፎ አልነሣ ስለሚል ሞተር
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ከድልድይና ከግድብ አጠገብ ሲቆም ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ በሙያችን ውስጥ አንድ ትልቅ ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም ስንፈልገው የሚሰወርን ጉድለት በምን ዘዴ እንይዘዋለን የሚል ነው።

ነገሩ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ማታ ያለ አንዳች እንከን የተነዳች መኪና ጧት ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብላ ዝም ትላለች። ሦስት አራት ጊዜ ከተሞከረ በኋላ ግን ምንም እንዳልነበረባት ትነሣለች። ጋራዥ ስትደርስ ፍጹም ጤነኛ ናት። ባለቤቱ «አስቸግራኛለች» ይላል፤ መካኒኩም «ምንም አላገኘሁባትም» ይላል፤ የሁለቱም ቃል እውነት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚከተለው ብዙውን ጊዜ ምርመራ ሳይሆን ግምት ነው። በመጀመሪያ ባትሪ ይለወጣል፤ ቀጥሎ ሞተሪኖ፤ ከዚያም ኳድሮ። ጉድለቱ በባሕርዩ ለጥቂት ቀናት የሚሸሸግ ስለሆነ የተለወጠው ዕቃ ሁሉ ያዳነ ይመስላል፤ የሳምንት ፋታም እንደ ፈውስ ይቆጠራል። ባለቤቱ ሦስት ጊዜ ከፍሎ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። እምነት ስለሚያጣም ሞተሩን ሳያጠፋ ደጅ ያቆማል፤ ማታም ቁልቁለት ፈልጎ ያሳድራታል። መኪናይቱ ወላድ የምታመላልስ አምቡላንስ የሆነች እንደ ሆነ ግን ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አይለካም። ከዚህም በላይ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች በደንብ ተጠግነው ረጅም ዘመን ሊያገለግሉን ይገባል።

ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 በካዲላክ አውቶሞቢል ላይ ከዋለ ወዲህ የመሣሪያው መሠረተ ሐሳብ ብዙም አልተለወጠም። ሁለት መስመሮች አሉት። አንደኛው ከባትሪው ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም የኃይል መስመር ነው፤ መመለሻውም መካኒኮቻችን «ማሳ» የሚሉት የሞተሩና የቻሲው አካል ነው። ሁለተኛው በኳድሮው፣ በማርሽ ወይም በፍሪሲዮን ማብሪያና በሪሌው አልፎ ሶሌኖይዱን የሚያዝዘው ቀጭን የትእዛዝ መስመር ነው።

አንዲት ትንሽ የቤንዚን መኪና ስትነሣ ሞተሪኖዋ ከ100 እስከ 200 አምፔር ይስባል። በባትሪው ማሰሪያ ላይ ዝገት ተፈጥሮ 0.01 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢያሳድር፣ በ150 አምፔር ጊዜ 1.5 ቮልት እዚያው ይጠፋል። 5 አምፔር በሚስብ መብራት ጊዜ ግን የሚጠፋው 0.05 ቮልት ብቻ ነው። «መብራቱ ደማቅ ነውና ባትሪውም ገመዱም ደኅና ነው» የሚለው የተለመደ ፍርድ የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራ በሌለበት የተመረመረ መስመር በሥራ ጊዜ ስለሚያጋጥመው ነገር አይመሰክርም።

ለምን አንዳንዴ ብቻ? የሶሌኖይዱን የመዳብ መገናኛዎች እንመልከት። በእያንዳንዱ ማስነሣት የሚፈጠረው ብልጭታ ይበላቸዋል፤ በላያቸው የሚያርፈው የመዳብ ሰሌዳም ስለሚዞር ሁልጊዜ በአንድ ስፍራ አያርፍም። ዛሬ ከደኅናው፣ ነገ ከተበላው ይገጥማል። በብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ «ጠቅ» ብሎ ዝም የማለቱ ምክንያት ይኸው ሲሆን፣ መገናኛዎቹን ብቻ መለወጥ ስለሚቻል ሙሉ ሞተሪኖ ፍለጋ ሶማሌ ተራ መዞር አያስፈልግም። ካርቦኖቹ ያለቁበት ሞተሪኖም እንደ ቆመበት ሁኔታ ይነሣል ወይም እንቢ ይላል። በመዶሻ እጀታ መታ ሲያደርጉት መነሣቱ ሕክምና ሳይሆን ጉድለቱ የት እንዳለ የሚጠቁም ምልክት ነው። በታኅሣሥ ጧት ደግሞ ብርዱ የባትሪውን ጉልበት ይቀንሳል፤ ዘይቱንም ያወፍራል፤ የደከመው ሁሉ ያን ጊዜ ይጋለጣል።

እንግዲህ ምርመራው እንደሚከተለው ቢሆን ይበጃል።

በመጀመሪያ ሾፌሩ ይጠየቅ፤ ሞተሩ ጨርሶ ዝም ይላል? ጠቅ ይላል? እየተጎተተ ይዞራል? ወይስ በደንብ እየዞረ አይያዝም? በደንብ እየዞረ የማይያዝ ከሆነ ሞተሪኖው ተጠያቂ አይደለም። የካንዴላው ብልጭታና የቤንዚኑ ግፊት በዚያው ሰዓት ይፈተሹ፤ ሲሞቅ የሚያቋርጥ የክራንክ ሴንሰር ወይም ብየዳው የተሰነጠቀ የቤንዚን ፓምፕ ሪሌ ሊሆን ይችላልና።

በሁለተኛ ደረጃ ባትሪው ይለካ። ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ያህል ማሳየት አለበት፤ ሞተሩ ሲዞር ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነ ባትሪውን እንጠርጥር።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ማርሹ ነጻ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞና ለጎማው ታኮ ተደርጎ፣ ቁልፉ በሚዞርበት ቅጽበት የሚጠፋው ቮልት ይለካ። የቴስተሩ አንድ ጫፍ በማሰሪያው ላይ ሳይሆን በራሱ በባትሪው አዎንታዊ ራስ ላይ፣ ሌላው በሞተሪኖው የኃይል መግቢያ ላይ ይሁን፤ ከ0.5 ቮልት መብለጥ የለበትም። ከአሉታዊው ራስ እስከ ሞተሪኖው አካል ከ0.2 ቮልት ከበለጠ ማሳው ይጸዳ፤ ይጥበቅ። ይህ ልኬት መኪናይቱ በደኅና በምትነሣበት ቀን እንኳ እየደከመ ያለውን መገናኛ ሊያሳይ ይችላል።

ጉድለቱ ይህን ሁሉ ካመለጠ፣ መርማሪው ራሱ ሾፌሩ ይሁን። ከሶሌኖይዱ የትእዛዝ ጫፍ በፊውዝ የተጠበቀ ቀጭን ሽቦ ተስቦ በሾፌሩ ፊት አንዲት ትንሽ አምፖል ትታሰር። መኪናይቱ እንቢ ባለችበት ሰዓት ቁልፉ ሲዞር አምፖሏ በደንብ ከበራች ትእዛዙ ደርሷል፤ ጉድለቱ በሞተሪኖው፣ በወፍራሙ ገመድ ወይም በማሳው ነው። ካልበራች ኳድሮው፣ የማርሹ ማብሪያ፣ ሪሌው ወይም ቀጭኑ ሽቦ ይፈተሽ። ባትሪው ደኅና ሆኖ ሳለ ከደበዘዘችም ትእዛዙ በመንገድ ደክሟል ማለት ነው። ከሻይ ሂሳብ ብዙም የማይበልጥ ወጪ የፍለጋውን ሜዳ በግማሽ ያጠብባል።

ክቡራትና ክቡራን፤ ይህን ስል ጆሮአቸው ከመሣሪያ የማይተናነስ አንጋፋ መካኒኮቻችንን መንቀፌ አይደለም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ የሚመጣና የሚሄድ ጉድለት በጠፋበት ሰዓት አይፈረድበትም። ስለሆነም ማንኛውም ጋራዥ ጥገናው ከመደረጉ በፊትና ከተደረገ በኋላ የተገኘውን ልኬት በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ ማኅበራችን ቢመክር መልካም ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተለያዩ የተለወጠ ዕቃ እንጂ የተጠገነ መኪና የለም። ባለቤቱም ገንዘቡ ለምን እንደ ወጣ ያውቃል፤ ነገ የሚረከበው ሌላ ባለሙያም ከባዶ አይጀምርም።