አፍሪቃን ከአትክልት ተራ ማየት
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የምንናገረው ስለ አፍሪቃ ታሪክና መልክዐ ምድር ነው። ርእሱ ሰፊ ነው፤ 30 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ምድር በአንድ ንግግር አይካለልም። ስለዚህ ሁላችንም በስሙ ከምናውቀው ስፍራ፣ ከፒያሳው አትክልት ተራ እንነሣለን። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል። ይሁን እንጂ ለረጅም ዘመን በዚያ ሲራገፍ የኖረው ጭነት አህጉራችንን ለማወቅ ጥሩ መነሻ ይሆነናል።

በመጀመሪያ ከፍታን እንመልከት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ድንቹና ጥቅል ጎመኑ ከደጋው ይመጣል፤ ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ዝቅ ካለው ከመቂና ከዝዋይ፤ ሙዙ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ካለው ከአርባ ምንጭ። መቂም አርባ ምንጭም በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናቸው። ይህ ሸለቆ ከአፋር ተነሥቶ፣ ሐይቆቻችንን አሰልፎ፣ በቱርካና በኩል ኬንያ ይገባና እስከ ሞዛምቢክ ይወርዳል። የታንጋኒካና የማላዊ ሐይቆች የተኙት በዚሁ ስንጥቅ ውስጥ ነው። የመቂ ገበሬና የማላዊ ዓሣ አጥማጅ ሳይተዋወቁ የአንድ ሸለቆ ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

ሁለተኛው ውኃ ነው። ከፒያሳ ወደ ሰሜን የምናየው የእንጦጦ ተራራ ውኃ ከፋይ ነው። በደቡብ ጎኑ የዘነበው በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን ላይ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በሰሜን በኩል ሱሉልታ ላይ የዘነበው ግን በሙገር ወንዝ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ከዚያም ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዛል። እንግዲህ ስለ ዓባይ ተፋሰስ የሚማር የአዲስ አበባ ተማሪ ትምህርቱን በእግሩ ሄዶ ሊጀምር ይችላል።

ሦስተኛው ታሪክ ነው። አፍሪቃ አውሮፓውያን እስኪመጡ ድረስ ታሪክ አልነበራትም የሚሉ ጸሐፊዎች ነበሩ። መልሱ ከምንበላው ውስጥ ይገኛል። እርግጥ ድንች፣ ቲማቲምና በርበሬ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ሙዝም ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የሕንድ ውቅያኖስን ተሻግሮ መጥቶ፣ በኡጋንዳና በታላላቅ ሐይቆች ዙሪያ ዋና ምግብ ሆኗል። የሙዝ ዘመድ የሆነውን እንሰትን ግን አልምቶ፣ ቆጮና ቡላ አድርጎ የተመገበው የእኛው የደቡብ ገበሬ ነው። በኒጀር ወንዝ ዳር ያሉ ሕዝቦች የራሳቸውን ሩዝ አለመዱ፤ የምዕራብ አፍሪቃ የደን አገር ሰዎችም የቦዬን ዘመድ አለሙ። ማሽላና ዳጉሳ ከአፍሪቃ ወጥተው ሕንድ የገቡት ከጥንት ጀምሮ ነው። ቡናችንም በየመን በኩል ዓለምን አዳርሷል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ጎብኝቶ፣ ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል። ዘር መርጦ፣ አራብቶ፣ ለጎረቤት ያወረሰ ሕዝብ ታሪክ የለውም ሊባል አይችልም።

ታዲያ ከፍታው፣ ውኃውና ዘሩ ያያዙትን ምድር ማን ከፋፈለው? በ1877 ዓ.ም. 14 መንግሥታት በርሊን ላይ ተሰብስበው ስለ አፍሪቃ ሲወስኑ አንድም አፍሪቃዊ መንግሥት አልተገኘም። በቅኝ ግዛት ዘመን በተሰመረው ወሰን አፋር በሦስት አገር፣ ቦረና በሁለት አገር ተከፍሎ ቀረ። የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ፤ በዓመቱም ካይሮ ላይ የነበረው ወሰን እንዲከበር ተስማማ። ይህን ውሳኔ አንነቅፍም፤ ወሰን ልግፋ ማለት የሚያስከፍለውን ደም የአካባቢያችን ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን ወሰን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ጎረቤትን አለማወቅ ሌላ ነገር ነው። የአህጉሩ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነት በ2011 ዓ.ም. ጸንቷል። ሆኖም የአፍሪቃ አገሮች እስከ ዛሬ እርስ በርሳቸው ከሚነግዱት ይልቅ ከሌላው ዓለም ጋር የሚነግዱት ይበልጣል። ስምምነት በፊርማ ይጸናል፤ ንግድ ግን የሚጸናው መንገዱን፣ ወቅቱንና የጎረቤቱን ፍላጎት በሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ አንድ አሳብ እናቀርባለን። በመጪው የክረምት ዕረፍት እያንዳንዳችን ወደየአገራችን ስንሄድ፣ በአቅራቢያችን ያለውን ገበያ እናጥና፤ ምን ከየት እንደሚመጣ፣ በየትኛው መንገድና በየትኛው ወር እንደሚደርስ እንመዝግብ። በከተማው የምንቀረውም የቀድሞውን የአትክልት ተራ ነባር ነጋዴዎች ፈልገን እንጠይቅ። ገበያው ከፒያሳ ቢነሣም ዕውቀቱ ገና በእነርሱ ዘንድ አለ፤ ሳይጻፍ ከቀረ ግን ከእነርሱ ጋር ያልፋል። ስንመለስ የሰበሰብነውን በአንድ ካርታ ላይ እናሳርፈው። መምህራኖቻችንም ስሕተታችንን እንዲያርሙልን በትሕትና እንለምናለን።